ክፈችላት

ሲኞራ ኢዳ በሩ ሥር ተንበርክከው ነበር። ዘመናይ የሞቀ ወተት ይዛ ከኩሽና ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው የእግራቸውን ውስጥ ነው፤ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ፣ ተረከዛቸው ወደ ላይ ዞሮ። ከጎናቸው ድመቷ ተቀምጣለች። ድመቷ በቀኝ እግሯ በሩን ሁለቴ ቧጠጥ ቧጠጥ ታደርግና ታቆማለች። ሲኞራም በቀኝ እጃቸው ሁለቴ ቧጠጥ ቧጠጥ ያደርጉና ያቆማሉ። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከበሩ ማዶ የሆነ ነገር ያዳምጣሉ። ከበሩ ማዶ ያለው የሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ዘመናይ ሲኞራን እየጦረች እዚህ ቤት ሰባት ዓመት ስትኖር ብዙ አይታለች፤ ያረጀ ሰው ሲጃጅ ማየት እንጀራዋ ነው፤ የዛሬው ግን አስደነገጣት። "በስመአብ" አለች በልቧ፣ ወተቱን መሬት አስቀመጠችና ብብታቸው ሥር ገብታ አነሳቻቸው። ሲኞራ ሲነሱ ድመቷም ተነሳች።

የወትሮው ሰዓታቸው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሲኞራ ከወንበራቸው ብድግ፣ ድመቷ ከአልጋው ሥር ብድግ፣ ወደ በሩ። ልጃቸው ፋብሪዚዮ እንደሚለው ሲኞራ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ በጦርነቱ ጊዜ ሮማ ሳን ሎሬንሶ ሰፈር ቦንብ ወርዶ ቤታቸው የፈረሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ ታናሽ እህታቸው ሊና ደጅ ወጥታ ነበርና በዚያው ቀረች። የድመቷም ስም ሊና ነው። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ ገና ጤነኛ ሳሉ፣ ለማስታወሻ ብለው። አሁን ግን እህትየዋና ድመቷ ተምታተውባቸዋል። "ሊና፣ ሂጂና እዪ፤ እማዬ መጣች?" ይሏታል በጣልያንኛ። ድመቷም ወጥታ ዞራ ትመለስና እጃቸው ላይ ጆሮዋን ታሻሻለች። ምን እንደምትነግራቸው እንጃ፤ ሲኞራ ግን ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ።

ድመቷ የፖንቴ ማሞሎ ሰፈር ልጅ ናት። ከሜትሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አሁን ሣር የበቀለበት ባዶ ሜዳ ላይ፣ ድሮ የእኛ ሰዎች ከጣውላና ከቆርቆሮ ቀጣጥለው የሠሩት መንደር ነበረ። የዘመናይ ጓደኛ ጌጤም አራት ዓመት ኖራበታለች። አንድ ጠዋት ዶዘር መጣና ጠራርጎ አስተካከለው። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ድመቶቹ ቀሩ። ሲኞራ ኢዳ ያኔ በእግራቸው ገበያ የሚሄዱ ሴት ነበሩ፤ ዓይኗ በቅጡ ያልተገለጠ አንዲት ድመት ከፍርስራሹ ላይ አንስተው በቦርሳቸው ይዘው ገቡ። ድመቷ እግር ካወጣች ወዲህ በየቀኑ ወደዚያው ትሄዳለች። ዘመናይ አንድ ቀን ከጌጤ ጋር በዚያ ስታልፍ አይታታለች፤ ሜዳው መሀል፣ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ፣ በር እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ እንግዳ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ጌጤ ቆም አለች፣ ሜዳውን በዓይኗ ለካች፣ "የጎረቤቴ የሃብቶም ቤት በር እዚያ ጋ ነበር" አለች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሁለቱም እርምጃቸውን አፋጠኑ።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ነው። ዘመናይ ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሲኞራ ድመቷን ተከትለው ወጥተዋል። ከስንት ፍለጋ በኋላ ሜዳው ላይ ተገኙ፤ በፒጃማቸው ቁጭ ብለው፣ ድመቷን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም፤ ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ "ሌላ ብርድ አይችሉም" አለ። ፋብሪዚዮ ከሚላኖ መጣ። ጥሩ ሰው ነው ፋብሪዚዮ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመጣ ጥሩ ሰው። አልጮኸም። በትልልቅ ፊደል ወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ "ድመቷ አትወጣም፤ እማዬ አትወጣም" ይላል፣ እናትና ድመት አንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው። ከዚያ ዘመናይን ኩሽና ጠርቶ፣ ሁለተኛ ከወጡ ካዛ ዲ ሪፖዞ አስገባቸዋለሁ፣ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ አላት። ካዛ ዲ ሪፖዞ፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት፣ በአማርኛ ቃል በቃል ማረፊያ ቤት ማለት ነው። ማረፊያ ቤት ደግሞ በእኛ አገር ፖሊስ የሚያስገባህ ቦታ ነው። ዘመናይ የቀድሞ አሠሪዋን ልትጠይቅ አንድ ጊዜ ገብታ አይታዋለች፤ ስሙ በሁለቱም ቋንቋ ልክ ነው ብላ ወጥታለች።

አሎራ፣ እንግዲህ ይኸው ሁለት ወር። ድመት ቤት ውስጥ ብትውል ዕድሜዋ ይረዝማል ይላሉ ፈረንጆቹ፤ የእንስሳ ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለው። ይሁን። ግን ድመቷ የተዘጋባት ቀን ሲኞራም አይቀመጡም፤ ድመቷ ስትጮህ እሳቸው ሲያለቅሱ፣ አብረው በር ሲቧጥጡ ይውላሉ። ድመቷ የወጣች ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስዙረው፣ ሊናን እየጠበቁ፣ ጸጥ ብለው ብስኩታቸውን ይበላሉ። ዘመናይ ይህን ለፋብሪዚዮ በስልክ ልታስረዳው ሞክራለች። "ዘመናይ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን" ብሎ ዘጋው። ስለዚህ እንዳመቻት አደረገች፤ አንድ ቀን ትዘጋባታለች፣ አንድ ቀን ሲኞራን አዘናግታ ድመቷን በስንጥቅ ታሾልካታለች። ባሾለከቻት ቁጥር ደግሞ ደረጃውን አሥሬ ወጥታ ታያለች። ሊና አንድ ቀን ሳትመለስ ብትቀር ሲኞራን ማን ሊያስቀምጣቸው ነው? ልልቀቃት ወይስ ልዝጋባት የሚለው ነገር የጥርስ ሕመም ሆነባት፤ ትንሽ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ አያስቀምጥም።

ዛሬ ደግሞ ቀጠሮ አላት። ለፔርሜሶዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ አሻራ የምትሰጥበት ቀን ነው፤ አራት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ፣ ካለፈ ሌላ አራት ወር። ስለዚህ ልጇን ሔራንን ለመነቻት። ሔራን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ተወልዳ ያደገችው ሮማ ነው፤ ያሳደጓት ግን መነኮሳት ናቸው። ዘመናይ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ፊሳ ነው፣ ሰው ቤት እያደረች። ፊሳ የምትገባ ሴት ልጅ ታቅፋ አትገባም። ሔራን ከሦስት ዓመቷ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ የመነኮሳቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ እናቷን የምታገኛት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። አማርኛዋም የሐሙስ ከሰዓትና የእሁድ አማርኛ ነው፤ የጎደለ፣ የተጣመመ። ዘመናይ ልጇ የምትለውን በጆሮዋ ትሰማና በልቧ አቃንታ ትረዳዋለች፤ ከልምድ ብዛት ማቃናቷንም አታውቀውም። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም። ያልተነጋገሩበት ነገር ብዙ ነው፣ ይሄ አንዱ ነው።

ሔራን ሁለት ሰዓት ላይ አፍንጫዋ ቀልቶ ደረሰች። ውጪ ትራሞንታና ነው፣ ያ ከሰሜን የሚነፍሰው አጥንት የሚሰብር ደረቅ ንፋስ። "ላ ሲኞራ ተነሳች?" አለች ኮቷን ሳታወልቅ። ዘመናይ ቁርሳቸውን እንደበሉ፣ ግን ዛሬ ገና በጠዋቱ በሩን እንደጀመሩት ነገረቻት። ሔራን ዞራ የፋብሪዚዮን ወረቀት አነበበች። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ በጣልያንኛ፣ እናቷን ሳታይ፣ "በር ሥር ቆሞ መጠበቅን እኔ አውቀዋለሁ" አለች። ዘመናይ ሰማች። የአንገት ልብሷን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ በር አረንጓዴ ነበር፤ እሁድ ማታ ሲዘጋ ከኋላው የሚሰማውን ድምፅ እሷም ታውቀዋለች። ማለት የሚገባት ነገር ነበረ፤ አውቶቡሱ ግን ሊያመልጣት ነው።

"መድኃኒታቸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ" አለች። "ይሄን በር ደግሞ እኔን ሳትጠይቂ እንዳትከፍቺ። ምንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ደውዪልኝ።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ ማማ። ድመቷስ?"

ዘመናይ ድመቷን አየቻት። ድመቷ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆማ ማንም ያልተቀመጠበትን የሟቹን የሲኞራን ባል ወንበር ታያለች፤ አንድ ሰው እያወራት ይመስል ጆሮዋ አንዴ ቀና አንዴ ዘንበል ይላል። "እሷን እንጃ" አለች ዘመናይ። "አስቤ እነግርሻለሁ።"

ኩዌስቱራ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ፖሊስ ጣቢያ፣ ያው ኩዌስቱራ ነው። አንድ አዳራሽ ሰው፣ አራት መስኮት፣ የሚሠራው ሁለቱ። ከአጠገቧ የተቀመጠች አንዲት የፔሩ ሴት ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠቻት፤ ሁለቱም የሚያወሩት አጥተው ስለ ብርዱ ተነጋገሩ። የዘመናይ ቁጥር ሰማንያ ሦስት ነው፤ ስትገባ የተጠራው ሠላሳ አንድ ነበር። ቁጭ ብላ የምታስበው ስለ አሻራው አይደለም፤ ስለ ድመቷ ነው። ዘግታባት ብትውል ሲኞራ ሲያለቅሱ ይውላሉ፣ ሔራንም ለመጀመሪያ ቀኗ መከራዋን ታያለች። ብትለቃት ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ግን ዛሬ ይሄ ንፋስ አለ፣ ደግሞ ያ ወረቀት አለ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ። ሰማንያ አንድ ሲጠራ ስልኳ ነዘረ። ሰዓቱን አየችው፤ አምስት ሰዓት ከአሥር። ስልክ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ፊት ለፊቷ ተለጥፏል፤ የአንገት ልብሷን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ አነሳችው።

"ማማ፣ መውጣት ትፈልጋለች" አለች ሔራን። "በሩን ትቧጥጣለች። ታለቅሳለች፣ ብዙ። ብስኩት ሰጠኋት፣ አልበላችም። እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ማማ።"

ታለቅሳለች የሚለውን ዘመናይ በልቧ ትጮኻለች ብላ አቃናችው። ጥበቃው ወደ እሷ ዞሮ ጣቱን አወዛወዘ። ሰማንያ ሁለት ተጠራ። በዚያች ቅጽበት፣ ሁለት ወር ሙሉ ስታገላብጠው የኖረችው ነገር እንዲሁ በራሱ ተቆረጠላት፤ ቀለል አላት።

"ክፈችላት" አለች።

"ልክፈትላት? ሲኩራ? እርግጠኛ ነሽ?"

"ክፈችላት ትውጣ። የለመደችው ነው፤ ዞር ዞር ብላ ሲርባት ትመለሳለች።"

"ብቻዋን?"

ዘመናይ ሳቀች። "ብቻዋን ነዋ። ማን ሊከተላት ኖሯል?"

"ብርድ ነው ግን" አለች ሔራን።

"እሷ ብርድ አትፈራም። መንገዱንም ከእኔም ካንቺም በላይ ታውቀዋለች። በይ፣ ቁጥሬ ደርሷል" አለችና ዘጋችው።

መስኮቱ ጋ መሣሪያው አሻራዋን አላነበበም። ልጅቷ ጣቷን በወረቀት ጠረገችላት፣ እንደገና አስጫነቻት፣ አሁንም እምቢ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት በበረኪና ስትፈትግ የጣቷ መስመር አልቋል። መሣሪያው ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ጣት አልተገኘም ይላል። ዘመናይ ጣቷን አየችው፣ አለ። በአራተኛው ሙከራ፣ ክሬም ተቀብታ፣ አንዲት ትንሽ ጣቷ ተነበበችላት፣ ከዚያ ሌሎቹም ቀስ በቀስ። ልጅቷ "ፔርሜሶሽ ሲደርስ መልእክት ይመጣልሻል" አለቻት። ዘመናይ ስትወጣ ቀልሏት ነበር። መንገድ ላይ ገበያ ገብታ የሁለት ዩሮ ትንንሽ ዓሣ ገዛች፣ ለሊና፤ እስከ ዛሬ ለዘጋችባት ቀን ሁሉ ካሣ ይሁናት ብላ። ሻጩ ከላይ ሁለት ጨመረላት። ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ ድመቷ ትወጣለች፤ ይህን ወስና ደረጃውን ወጣች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን በቁልፏ ከፈተች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይሄ የምታውቀው ጸጥታ ነው፤ ድመቷ ስትወጣ ሲኞራ መስኮት ጋ ሲቀመጡ የሚመጣው። ወንበሩ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከጀርባው የሲኞራ ግራጫ ሻል ጫፍ ይታያል። "ቦንጆርኖ ሲኞራ፣ መጣሁልዎ" አለች፣ ዓሣውን እንደያዘች ዞራ ፊት ለፊታቸው ሄደች። ወንበሩ ላይ ያለችው ድመቷ ናት። ሻሉ ላይ፣ ልክ ሲኞራ እንደሚቀመጡት ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ መንገዱን ታያለች። አንገቷን ቀስ አድርጋ አዞረችና ዘመናይን አየቻት። ዓሣው ሸትቷት እንኳ አልተነሳችም።

ሔራን ኩሽና ውስጥ ሲኒ ታጥባለች።

"ድመቷ መቼ ተመለሰች?" አለቻት ዘመናይ። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ የራቀ መሰላት።

"የት ሄዳ? አልወጣችም እኮ።"

"ሲኞራስ?"

ሔራን ውኃውን ዘጋች። "ደውዬ ጠየቅኩሽ አይደል? ክፈችላት፣ ሲርባት ትመለሳለች አልሽኝ።"

ዘመናይ ቁጭ አለች፤ ወንበር ይኑር አይኑር ሳታይ። እንዴት እስከ ዛሬ አልሰማችውም? ለሔራን ሰው ሁሉ አንቺ ነው፣ አንተ ነው። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የቆሙትን ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን ይዛ "አባ፣ ደህና ነህ?" ብላቸው ሰዉ በሳቅ አለቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ ዘመናይም ሳቀች። ሳቀች እንጂ አላስተማረቻትም። ሐሙስ ከሰዓት አጭር ናት፤ ጫማ ተገዝቶ፣ ፀጉር ተሠርቶ፣ ትንሽ ተለቅሶ ታልቃለች። ዘመናይ ለሰው እናት እርስዎ ስትል፣ ቀና በሉ፣ ይጉረሱ፣ ይተኙ ስትል ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ የገዛ ልጇ እሳቸው የሚለውን ቃል ከማን ትስማው? ስለዚህ ዛሬ በስልክ ትወጣለች፣ ታለቅሳለች ስትባል የሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት በሐሳቧም አልመጣችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ማን ሊከተላት ኖሯል ብላ ስቃለች።

"ምን ለብሰው ነበር?"

"ሹራብ። ሻርፕ አደረግኩላት። ካፖርት ልጨምርላት ስል እጄን ገፋችው፤ ደስ ብሏት ነበር ማማ፣ ሳመችኝ።" ሔራን አሁን ገና የእናቷን ፊት አየች። የያዘችውን ሲኒ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

በሩን ወለል አድርገው ሲከፍቱት ድመቷ ከወንበሩ ወርዳ መጣች፣ ደፉ ላይ ደረሰች፣ ተቀመጠች። ስንጥቅ ያገኘች ቀን የምትሾልከው ድመት አሁን በሩ ተከፍቶላት ደረጃውን ብቻ ታያለች። ዘመናይ ልቧ ተስፋ አድርጎ "ሂጂ፣ አሳዪኝ" አለቻት፣ በእግሯም ገፋ አደረገቻት። ድመቷ ፀጉሯ ቆመ፤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ገባችና አልጋው ሥር ተሸሸገች። ዘመናይ ለፋብሪዚዮ ልትደውል ስልኳን አወጣች፣ ስሙን አየችው፣ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ግማሽ ሰዓት፣ አለች፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጠኝ።

ደረጃውን ሲወርዱ ንዴቷ ገነፈለ። ንዴቱ በራሷ ላይ ነበር፣ የወረደው ግን ልጇ ላይ ነው። "እሳቸው ነው የሚባለው" አለቻት። "ወጡ ነው። አለቀሱ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወጣች አይባሉም።"

ሔራን አልጮኸችም። ሁለት ደረጃ ወረደችና ቆም ብላ "መቼ አስተማርሽኝ?" አለች።

ዘመናይ አልፋት ወረደችና የታችኛውን በር ከፈተች።

ሜዳው ቅርብ ነው፤ ወንዙም ቅርብ ነው። የአኒዬኔ ውኃ ከሰሞኑ ዝናብ ሞልቷል። ዘመናይ የፈራችውን ወንዙን ለራሷ ያዘች፣ ሔራንን ወደ ሜትሮውና ወደ ሜዳው ላከቻት። ድልድዩ ሥር ወርዳ በጭቃው መንገድ ሄደች። ውኃው ቡናማ ነው፣ ፕላስቲክና ቅርንጫፍ ይዞ ይሄዳል። ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው አግኝታ ጠየቀችው፤ ማንንም አላየሁም አላት። "ሲኞራ ኢዳ" ብላ ተጣራች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ከአፏ ላይ ወሰደው። ሸምበቆው ውስጥ የሆነ ነገር ሁለቴ ቧጠጥ ቧጠጥ አድርጎ አቆመ። እግሯ ተተከለ። ጠበቀች። እንደገና ሁለቴ፣ ከዚያ ዝም። ሸምበቆውን በሁለት እጇ ከፈለችው፤ ከውስጡ ደረቅ ሸምበቆ እንጂ ማንም የለም። ሴትየዋን ትወዳቸዋለች። ሰባት ዓመት አጥባቸዋለች፣ አጉርሳቸዋለች፣ ለገዛ እናቷ ያላደረገችውን አድርጋላቸዋለች፤ ይህን ለራሷ ብላ አታውቅም፣ አሁን ጭቃው መሀል ቆማ አለችው። አምላኬ፣ ማረፊያ ቤትም ይግቡ፣ ሥራዬም ይቅር፣ ብቻ በሕይወት ስጠኝ።

ስልኩ የነዘረው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

"ማማ" አለች ሔራን፣ ሹክሹክ ብላ። "አገኘኋቸው። ሜዳው ላይ ናቸው።"

አገኘኋት አላለችም። ዘመናይ በዚያ ጭንቀት መሀል እንኳ ሰማቻት። "ተመስገን። ደህና ናቸው?"

"አርፈዋል።"

ዘመናይ የሸምበቆ ጭብጥ ይዛ ቀረች። ጆሮዋ ውስጥ ነፋሱ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"አርፈዋል። ሲ ሪፖዛ፣ ማማ። ደክሟቸው ግንብ ተደግፈው አረፉ። ልክ አይደለም እንዴ?"

ዘመናይ ሳቋም እንባዋም ባንድ ጊዜ መጣ። "ወይ ልጄ፣ ነፍሴን አወጣሻት እኮ። አርፈዋል ለሰው እንዲህ አይባልም፤ ኋላ አስረዳሻለሁ። አትቀስቅሻቸው፣ መጣሁ።"

ጭቃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ሮጠች፣ ደከማት፣ ሄደች፣ እንደገና ሮጠች። በልቧ ሁሉን ነገር አስተካከለችው። ቤት ሲገቡ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ትነክራለች፣ ሾርባውን ታሞቃለች። ለፋብሪዚዮ እውነቱን ትነግረዋለች፣ ክፈችላት ያልኩት እኔ ነኝ ትለዋለች፤ ካባረራትም ያባርራት። ካላባረራት ግን ያን ወረቀት ትቀደዋለች። በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በሩን ራሷ ትከፍታለች፣ ሲኞራን ካፖርት አልብሳ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ድመቷን ከፊት አስቀድማ እስከ ሜዳው ትወስዳቸዋለች፤ ቁጭ ብለው እህታቸውን ጠብቀው ይመለሳሉ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ጠፋት? ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሔራን ትመጣለች፣ አብረው ይሄዳሉ። ልጇ ዛሬ እሳቸው ብላለች፤ ማንም ሳያስገድዳት፣ ብቻዋን ሜዳ ላይ፣ ቃሉን ፈልጋ አግኝታዋለች።

ከሜትሮው አጥር ጥግ፣ ከድሮው መንደር የቀረች አንዲት የሲሚንቶ ግንብ አለች። ሲኞራ ኢዳ እሷን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሔራን ኮቷን አውልቃ አልብሳቸዋለች፤ ራሷ በቲሸርት ብርድ እያንቀጠቀጣት፣ ከጎናቸው ተንበርክካ፣ ሁለት እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ታሻሻለች። እናቷን ስታይ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

"ቀስ በይ፣ እንዳይነቁ" አለች በሹክሹክታ። "ስጠራቸው አልሰሙኝም፤ እንቅልፋቸው ከባድ ነው። እጃቸው ግን እምቢ አለኝ፣ አልሞቅ አለኝ።"

ዘመናይ ቀስ አለች። መጥታ በሌላው ጎናቸው ተቀመጠችና ጉንጫቸውን በእጇ ጀርባ ነካችው። ከዚያ አንገታቸው ሥር ሁለት ጣት አስቀምጣ ቆየች። ፊታቸው ወደ ሜዳው ዞሯል፤ የሚጠብቁት ሰው እንደመጣላቸው ሁሉ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። ሔራን እናቷን ትጠብቃለች፤ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ የሲኞራን እጅ ሳትለቅ። ዘመናይ የአንገት ልብሷን ፈታች፣ በሲኞራ በኩል እጇን አሳልፋ የልጇን ትከሻ አለበሰች፣ እጇንም እዚያው ተወችው።

"ቅድም ማማ ተሳስታ ነው" አለቻት። "ልክ ብለሻል፣ ልጄ። አርፈዋል።"